ደብዳቤ ለልጄ፦ ከፍጥነቷ በፊት ጤናዋ

ልጄ፣

ለመኪናሽ ልትገዢ ያሰብሽውን ዕቃ ዝርዝር ደጋግሜ አነበብኩት። ሰፊ ቸርኬ፣ አጭር ሞላ፣ ድምፁ የሚያስገመግም ማርሚታ፣ አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)። ከሥሩ ደግሞ «አባዬ፣ ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ ከየቱ ልጀምር?» ብለሻል። ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያዝዛል። አንቺ ግን ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግድ ሆኖብሻል። በዚህ ሥራ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው እውቀት እሱ ነው።

መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ከዝርዝርሽ ውስጥ በአንዱም አትጀምሪ። መኪናሽ የ1970 ኤም ጂ ቢ፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ጉልበት፣ ፍሬንና የመንገድ አያያዝ ዛሬ አብሯት የለም። ቫልቮቿ ልካቸውን ስተዋል፣ ጎሚኒዎቿ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉት ላስቲኮች) ደርቀዋል፣ የፍሬን ቱቦዎቿ አርጅተዋል። መጀመሪያ የተወሰደባትን መልሺላት። ይሄ ሥራ ሰዓት ይበላል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰዓት ደግሞ አለሽ። እሱ ሲያልቅ ስለ ሞዲፊክ (መኪናን ስለማሻሻል) እናወራለን፤ ያኔ ምን እንደጎደላት ራሷ ትነግርሻለች።

አንዳንድ ሰው «ክላሲክ መኪና አይነካም፣ እንደነበረ ነው መቀመጥ ያለበት» ይልሻል። እሱን ተዪው። የመኪናሽን ዘር ብትቆጥሪ ከሞዲፊክ የተወለደች ናት። ኤም ጂ የሚለው ስም የመጣው ኦክስፎርድ ከነበረው ከሞሪስ ጋራዥስ ነው። ሴሲል ኪምበር በ1922 የዚያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ከዚያም ተራ የሞሪስ መኪኖችን እየወሰደ፣ ቦዲያቸውን እየቀየረና እያሻሻለ መሸጥ ጀመረ። የሎተስ መኪናዎች መሥራች ኮሊን ቻፕማንም የመጀመሪያዋን ሎተስ በ1948 የሠራው ከአሮጌ ኦስቲን ሰቨን ተነስቶ ነው፤ የሠራባት ቦታም የፍቅረኛው ወላጆች ጋራዥ ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኬን ኮስቴሎ የሚባል እንግሊዛዊ የሮቨርን 3.5 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ኤም ጂ ቢ ውስጥ ያስገባ ነበር። ሞተሩ አልሙኒየም ስለሆነ በቦታው ከነበረው የብረት ሞተር ብዙም አይከብድም። በ1973 ፋብሪካው ራሱ ኤም ጂ ቢ ጂቲ ቪ8ን አወጣ። ይህን የምነግርሽ ቪ8 እንድትመኚ አይደለም። መኪና ማሻሻል የሚያሳፍር ሥራ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያወጣሽውን ኦሪጅናል ዕቃ አትጣዪ፣ አትሽጪም። ስሙን ጽፈሽበት አስቀምጪው። በብሎን የታሰረ ነገር ነገ ይፈታል፤ የተቆረጠ ላሜራ ግን ወደነበረበት አይመለስም። ሁለት መንገድ ካለሽ ሁልጊዜ በብሎን የሚታሰረውን ምረጪ።

አሁን ወደ ሥራው። ቁልፍ ከማንሳትሽ በፊት መኪናዋን በደንብ መርምሪ፤ የምትጀምሪውም ከዝገት ነው። ኤም ጂ ቢ ከሱ በፊት እንደነበረው ኤም ጂ ኤ ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም። ቦዲው ራሱ ነው ሻሲው። ያንቺዋ ደግሞ ጣሪያ አልባዋ ናት፤ ስለዚህ መሃሏን አጥብቆ የያዘው ከበሮቹ ግርጌ በግራና በቀኝ በቁመት የሚሄደው የብረት ሣጥን ነው። ደፉ ልበልሽ። ደፉ ከበሰበሰ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች። የቱንም ያህል ጉልበት ብትጨምሪላት እንዲህ ባለ አካል ላይ ትርጉም የለውም።

እንዴት እንደምታውቂው ልንገርሽ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ደፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሺው። ማግኔቱ የሚይዘው ብረት ብቻ ነው። ዝገቱን በሸፈነ ስቱኮ ላይ ሲደርስ ይለቃል። የለቀቀበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ አክብቢበት። ቀጥለሽ በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጊ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። መጨረሻ ላይ መኪናዋን ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት በክሪክ ቀስ ብለሽ አንሺና በሩን ክፈቺ፣ ዝጊ። በሩ መጋጨት ከጀመረ ወይም ከላይ በኩል ያለው ክፍተት ከጠበበ ደፉ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው። ከመቀመጫዎቹ ኋላ ያለውን ክዳንም አንሺ። በዚያ ዘመን ኤም ጂ ቢ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ነበረው፤ የሚቀመጡትም እዚያ ውስጥ ነው። ከነሱ የሚፈሰው አሲድ ሥራቸው ያለውን ላሜራ በልቶት ይገኛል።

ደፉ መቀየር ካለበት ገንዘብሽን ሁሉ እሱ ላይ አውዪውና ሌላውን ለከርሞ አሳድሪው። ለባለሙያ ክፈዪ የምልሽ አንድ ሥራ ቢኖር ይሄ ነው። ግን ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ። አሮጌው ሳይቆረጥ በፊት የበሩ ክፍት በብረት መወጠር አለበት፤ መኪናዋም በሁሉም በኩል እኩል ተደግፋ መቆም አለባት። ሁለቱ ደፎች ባንድ ጊዜ አይቆረጡም፤ አንዱ አልቆ ሌላው ይጀመራል። ይሄን የማያደርግ በያጅ ካጋጠመሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። አንዴ ጠማማ ሆና ከተበየደች በሮቿ ዕድሜ ልክ አይገጥሙም።

ከዝገት ቀጥሎ ፍሬን ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚያበርደው ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በ50 ከምትሄደው አራት እጥፍ ትከብደዋለች። ስለዚህ የፍሬኑን ሥራ ሳትጨርሺ ስለ ጉልበት ማሰብ አይገባሽም። ደግነቱ ከፊት ዲስክ አላት፣ ከኋላ ታምቡር፤ ለክብደቷ በቂ ነው። ትልቅ ፍሬን መግዛት አያስፈልግሽም። ያለው በደንብ ይሥራ።

የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲሱ ዘይት በትንሹ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ በአዲስ ቀይሪው። የጎማ ቱቦዎቹንም ቀይሪ፤ ከውጭ ጤነኛ መስለው ከውስጥ አብጠው መንገዱን ይዘጋሉ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃሉ። የፍሬን አቧራውን ግን በአፍሽም ሆነ በኮምፕረሰር እንዳትነፊው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ለሳንባ መርዝ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና ጨርቁን በላስቲክ አስረሽ ጣዪው።

ጎማዎቹንም አብረሽ እዪ። ጥርሳቸው ሙሉ ስለሆነ አትታለዪ። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ታገኛለሽ። 2319 ካለ በ2019 ዓ.ም 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ወዲያው አውልቂው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ እርጥብ መንገድ መያዝ ያቆማል። ለሰፊ ቸርኬ ያሰብሽውን ገንዘብ በነበረው ቸርኬ ላይ ለአዲስ ጎማ አውዪው። ሰፊ ቸርኬ ከባድ ነው፣ መሪውን ያከብዳል፣ ኩሽኔታውን ያደክማል፣ ኩርባ ላይም ከቦዲው ጋር ይታከካል። ያምራል፣ አልክድሽም። ግን መኪናዋን የተሻለች አያደርጋትም።

አሁን እኔ በጣም ወደምወደው ክፍል ደረስን። የሞተር ቃና ማስተካከል።

ይቺ ሞተር 1798 ሲሲ ናት፤ በ1962 ስትወጣ 95 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት። ያንቺዋ ዛሬ ይህን ያህል የምትሰጥ አይመስለኝም። የጠፋውን ለመመለስ የሚያስፈልጉሽ መሣሪያዎች እጅሽ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ የእሳት (የካንዴላ ብልጭታ) ጊዜ ማያ መብራት፣ የኮምፕረሽን መለኪያ፣ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ቀጭን ጎማ ቱቦ። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚነካው። ብዙ ሰው ሞተር በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ካርቡራተር ይሮጣል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ ወይም እሳት ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ካርቡራተር።

ቫልቮቹ ስምንት ናቸው። ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ቁጠሪያቸው። የምትለኪው ቫልቭና ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የቆመው ቫልቭ ሲደመሩ 9 መሆን አለባቸው። ቫልቭ 8 ሙሉ ሲከፈት 1ን ትለኪያለሽ። 6 ሲከፈት 3ን፣ 4 ሲከፈት 5ን። ሌላ ማስታወስ አያስፈልግሽም። ካንዴላዎቹን ካወጣሻቸው ሞተሩ በእጅ ቀለል ብሎ ይዞራል። መለኪያዋ ብረት ክፍተቱ ውስጥ ስትገባ ልቅ መሆን የለባትም፤ መታገልም የለባትም። ያዝ እያደረገች ትለፍ። ልኩን ከሞተርሽ ቁጥር ጋር ከሚሄደው የጥገና መመሪያ ውሰጂ፤ በቀዝቃዛ ነው በሙቅ የሚለካው የሚለውንም ልብ በይ።

ለእሳቱ አንድ ግዢ እፈቅድልሻለሁ። በፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ የካንዴላውን ብልጭታ በሚያስነሳው) ምትክ የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ክፍል አለ፤ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር ይቀመጣል፣ ከውጭ አይታይም። ፑንቲና ይበላል፣ ክፍተቱ ይለዋወጣል፣ እሳቱም አብሮ ይዋዥቃል። ይሄኛው አይበላም። ስትገዢ የመኪናዋ ማሳ (ቦዲው ላይ የሚታሰረው ሽቦ) ከባትሪው የትኛው ጫፍ ጋር እንደታሰረ አረጋግጪ። ከ1967 በፊት የነበሩት ኤም ጂ ቢዎች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ያንቺዋ ኔጌቲቭ መሆን አለባት። ያለፈው ባለቤት ግን ምን እንደነካካ አይታወቅምና በዓይንሽ እዪ። አሮጌዋን ፑንቲና ከመኪናዋ ውስጥ አትለያት፤ መንገድ ላይ አዲሱ ዕቃ ቢሞት ቤትሽ ታደርስሻለች።

ካርቡራተሮቹ ኤስዩ የሚባሉ ሁለት ናቸው። ብዙ ሰው ይፈራቸዋል፤ አትፍሪያቸው። እያንዳንዳቸው ውስጥ አየሩ እየሳበ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ሥር ደግሞ ጫፏ እየቀጠነ የሚሄድ መርፌ ተንጠልጥላለች። ፒስተኑ ሲነሳ መርፌዋ ከቤንዚን ቀዳዳው ትወጣለች፣ ቤንዚን ይጨምራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከላይ ያለውን ጥቁር ክዳን ፈትተሽ ዘይት መኖሩን እዪ። ዘይት ከሌለው ቤንዚን ስትረግጪ ሞተሩ ይደነቃቀፋል፤ ብዙ ሰው በዚህች ምክንያት ብቻ ካርቡራተር ይቀይራል።

ከቤት ውጪ፣ አየር ባለበት ሥሪው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የቱቦሽን አንድ ጫፍ ጆሮሽ ላይ፣ ሌላውን የአንደኛው ካርቡራተር አፍ ላይ አድርጊ። «ስስስ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ወደ ሁለተኛው አዙሪ። ድምፁ ከበረታ እሱ ብዙ አየር እየሳበ ነው። የሁለቱ ድምፅ አንድ እስኪሆን ድረስ የሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ብሎኖቹን በትንሽ በትንሹ አስተካክዪ። ጆሮ ለዚህ ሥራ ከምታስቢው በላይ ይበቃል።

ከዚያ በካርቡራተሩ ጎን ከሥር የምትወጣዋን ትንሽ ፒን ፈልጊ። በጣትሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ግፊያት። ፒስተኑን ከነካች በኋላ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አንሺው፤ ከዚያ አይለፍ። አሁን ስሚ። ሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቶበታል። ሊጠፋ ከተንገዳገደ ቤንዚን አንሶታል። ለአፍታ ትንሽ ጨምሮ ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ማስተካከያው ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ነው። ወደ ታች ስታወርጂው ቤንዚን ይጨምራል፣ ወደ ላይ ስትመልሺው ይቀንሳል። አንድ ጎን ብቻ አዙሪና እንደገና ፒኗን ሞክሪ። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ሊዛባ ይችላልና ተመላለሺባቸው። አይሰልችሽ። ሞተሩ ሲስተካከል ድምፁ ራሱ ይለወጣል፤ ኮፈኑ ላይ እጅሽን ብታሳርፊ መንቀጥቀጡ ሲረጋ ይሰማሻል።

ይሄን የሞተር ሥራ ሁሉ ስትጨርሺ ለሞተሩ ዕቃ ያወጣሽው ገንዘብ ከአንድ ቸርኬ ዋጋ በታች ነው። ልዩነቱን ግን በመጀመሪያው ዳገት ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ከዝርዝርሽ ወደቀሩት ልምጣ። ማርሚታውን በአጭሩ ልለፈው። ከሞተሩ ጋር የተገጠመው የዚህች መኪና ብረት ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ የሚያወጣው) ለፋብሪካ ዕቃ በጣም ጥሩ ነው። በሌላ ብትቀይሪው የምታገኚው በአብዛኛው ድምፅ ነው። አሮጌው ማርሚታ ሲበሳ ያኔ የምትወጂውን ድምፅ ትመርጫለሽ።

ስለ ሞላው ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። «ሞላውን በእሳት ቁረጪው፣ መኪናዋ ዝቅ ትላለች» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። በምንም ዓይነት አታድርጊው። እሳቱ የሞላውን ብረት ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ጉድጓድ ላይ ሊሰበርብሽ ይችላል። ደግሞም መንገድ አያያዟ የከፋው ከፍ ስላለች አይደለም። የዚህች መኪና የፊት አሞርዛተር (የሞላውን መንጠር የሚያበርደው) ክንድ ያለው ነው። ያ ክንድ ራሱ ጎማውን ከላይ በኩል የሚይዘው ነው። አሞርዛተሩ ሲላላ መኪናዋ መንጠሯ ብቻ አይደለም፤ የፊት ጎማዋም አቅጣጫውን ይስታል። ስለዚህ መጀመሪያ የአሞርዛተሮቹን ዘይት ሙዪ። የሚያፈስ ወይም ክንዱ በእጅ ሲወዘወዝ የሚንቀጠቀጥ ካለ የታደሰ ግዢ።

ቀጥሎ ጎሚኒ። ከታች በኩል ያሉትን የፊት ክንዶች የሚይዙት ኦሪጅናል ጎሚኒዎች ከሁለት ግማሽ የተሠሩ ልስልስ ናቸው። ቅድም ያወራሁሽ የፋብሪካዋ ቪ8 ግን መሃሉ ብረት ያለበት ወጥ ጎሚኒ ነበራት። ያንቺዋ ላይም ይገባል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በብሎን የሚሠራ ነው፣ ከውጭ ማንም አያየውም። መሪውን ስታዞሪ ግን መኪናዋ ሳትዘገይ ትከተልሻለች። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ሞዲፊክ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከሥራው በኋላ የጎማ አቅጣጫ ማስለካት እንዳትረሺ።

ካምሻፍቱን ለጊዜው እርሺው። ኃይለኛ ካምሻፍት ጉልበቱን ወደ ላይኛው የሞተር ዙር ይወስደዋል፤ በየቀኑ የምትነጂበት ዝቅተኛ ዙር ይደክማል፣ ሚኒሞውም ይረበሻል። ለመግጠም ብዙ መፍታት አለበት። ታፔቶቹ (ካምሻፍቱ የሚገፋቸው ዕቃዎች) አብረው ይቀየራሉ፣ የካርቡራተሩ መርፌም ይቀየራል። አንድ ዕቃ ገዛሽ ብለሽ አራት ትገዢያለሽ።

ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሮቹ ክዳን) ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህች ሞተር ደካማ ጎን እሱ ነው። አራት ሲሊንደር አላት፣ አየርና ቤንዚን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ግን ሁለት ብቻ፤ ሁለት ሁለት ሲሊንደር አንድ ቀዳዳ ይጋራል። ቴስታታው በሆነ ምክንያት መውረድ ካለበት አጋጣሚውን ተጠቀሚበት። ቀዳዳዎቹን ከማኒፎልዱና ከጋርኒሲዮኑ (በመሃል ከሚገባው ማሸጊያ) ጋር ልክ አድርጊ፣ የሻከረውን አለስልሺ፣ ቫልቮቹን በእጅሽ ፍጪያቸው። የመፍጫ ቅባቱ ርካሽ ነው። እንጨቷን በሁለት መዳፍሽ መሃል ወዲያና ወዲህ ታሽከረክሪያለሽ፤ በየመሃሉ ቫልቩን አንስተሽ ትንሽ ዞር አድርገሽ ትመልሺዋለሽ። መጀመሪያ ጩኸቱ ሸካራ ነው፣ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ጠርገሽ ስታዪው ዙሪያውን ያልተቋረጠ ደብዛዛ ግራጫ ቀለበት ካለ ጨርሰሻል። የዛሬ ቤንዚን እርሳስ ስለሌለው የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ መቀመጫ ጠንካራ ብረት እንዲሆን ማስደረግ አለብሽ፤ እሱ የማሽን ቤት ሥራ ነው።

ክብደትም እንዳትረሺ። መኪናዋ 920 ኪሎ ገደማ ናት እንበል፤ ለ95 ፈረስ ሲካፈል አንዱ ፈረስ ወደ 9.7 ኪሎ ይጎትታል። 50 ኪሎ ብትቀንሺ አምስት ፈረስ እንደጨመርሽ ቁጠሪው። በዚያ ላይ ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ መሪውም ይቀልላቸዋል፤ ጉልበት መጨመር ግን ይሄን አያደርግም። ያለፈው ባለቤት የጨመረውን ስፒከር፣ ወፍራም ምንጣፍና የማይሠራ ዕቃ ሁሉ አውርጂ። የደኅንነት ቀበቶና ቦዲውን የሚያጠነክር ብረት ግን አይነካም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይሄን ላሳስብሽ። መኪናዋን ባንድ ጊዜ አትበታትኛት። ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለምንሽ ይሄንን ነው። ተበታትኖ የቆመ መኪና ገንዘብም ልብም ይጨርሳል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ በካርቶን የተሞላ መኪና ያለው ለዚህ ነው። አንድ ሥራ ክፈቺ፣ ጨርሺ፣ መኪናዋን ንጂያት፣ ከዚያ ሌላ ክፈቺ። ፍሬን ከሆነ ፍሬን ብቻ። የፈታሽውን ብሎን በየላስቲኩ ለያይተሽ ስሙን ጻፊበት፤ ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ከያዝሽው ገንዘብ ሲሶውን አትንኪው፤ የታሰበው ሥራ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ሁልጊዜ አብሮ ይወጣል። ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 ሲመረት፣ ዘመዶቹን ጨምሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ሞልቷል፤ አትቸኩዪ። ፍሬን፣ ጎማና የቤንዚን ቱቦ ግን አዲስ ብቻ።

የቤንዚን ቱቦ ካነሳሁ አይቀር፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሁሉንም ቀይሪ። የዛሬ ቤንዚን ኤታኖል ሊኖረው ይችላል፤ የድሮ ጎማ ያንን አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ቱቦው ሞቃት ማኒፎልድ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ኤታኖል የሚችል ተብሎ የተጻፈበትን ግዢ። እሳት ማጥፊያም አጠገብሽ ይኑር።

አሁን ደግሞ እንደ አባት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ጭንቅላትሽም እግርሽም አይግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ወለሉ ጠንካራና ደልዳላ ይሁን፣ የማይነሱትን ጎማዎች በታኮ አስደግፊ፣ መኪናዋን ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፊ፣ ከዚያ በጎኗ ገፋ አድርገሽ ሞክሪያት። ከነቃነቀች ከሥሯ አትግቢ። ሽቦ ስትነኪ የባትሪውን ማሳ አስቀድመሽ ፍቺ። ስትሠሪ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ኢንሹራንሱም የቀየርሽውን ነገር እንዲያውቅ አድርጊ፤ ሳይነገረው የቆየ ለውጥ በአደጋ ቀን ጣጣ ነው።

የምትጀምሪው ሥራ ይኸውልሽ። ሞተሩን አሙቂው። አራቱንም ካንዴላ አውጪ፤ አራቱንም በተራቸው አስቀምጪና ቀለማቸውን ፎቶ አንሺልኝ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆኑ ደህና ናቸው፤ ጥላሸት ከለበሱ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጡ አንሷል። ከኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ኃይል ከሚሰጠው) የሚመጣውን ሽቦ ንቀዪ። ሰው ቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥልሽና በሞተሪኖው እያዞርሽ የየሲሊንደሩን ኮምፕረሽን ለኪ። አራቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ፣ ልዩነታቸው ከመቶ አሥር ካላለፈ፣ ጥሩ ምልክት ነው። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረሽ ድገሚው። ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተን ቀለበት ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታውን ጋርኒሲዮን እጠረጥራለሁ።

ቁጥሮቹን ሁሉ፣ ያለ ዘይት የለካሽውንም፣ በዘይት የደገምሽው ካለም እሱን፣ ጽፈሽ ላኪልኝ። ቴስታታው ይውረድ አይውረድ የምንወስነው እሱን አይተን ነው። እስከዚያ ምንም እንዳታዝዢ። ደፉን በማግኔት ስትዳብሺም ያከበብሽበትን ፎቶ አብረሽ አድርጊው፤ ለብየዳው መምጣት ካለብኝ እመጣለሁ።

አባትሽ